የአባቴ ቮልስ ዝጋለች፤ ትጠገን ወይስ ለቁራሌው ትሸጥ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ አባቴ በ1960 ዓ.ም. አዲስ የገዛት ቮልስ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ ባህር ዛፍ ሥር ከቆመች 14 ዓመት ሆናት። ቀደም ሲል አባቴ አሰብ ይሠራ በነበረ ጊዜ ስድስት ዓመት እዚያ ነድቷታል። ፓራፋንጎዎቿ (የጎማ መሸፈኛዎቿ) ተበሳስተዋል፤ ከኋላ ወንበር ሥር መሬቱ ይታያል፤ የግራ በሯ በእጅ ከፍ ካላደረጉት አይዘጋም። አንዱ ጋራዥ ‹ስቱኮ አድርገን፣ ቀለም ቀብተን በሦስት ሳምንት እናስረክብሃለን› አለኝ። ኮምቦልቻ ያለ ሌላ ባለሙያ ደግሞ ‹ለቁራሌው ሽጣት› አለኝ። ማንን ልመን?»

ወንድሜ፣ ለጊዜው ሁለቱንም አትመን። ከነገርከኝ እንደተረዳሁት ሁለቱም ቆመው ዙሪያዋን አዩ እንጂ ተንበርክከው ሥሯን አላዩም። የቮልስ ዕጣ የሚለየው ደግሞ ከታች ነው። ከጠቀስካቸው ሦስት ምልክቶች የፓራፋንጎው መበሳሳት ለውሳኔህ ምንም አይጨምርም። የወለሉ መበሳት ከባድ ቢመስልም የሚጠገን ነው። እኔን ያሳሰበኝ ያ በር ነው። በሩ ለምን እንደማይዘጋ ሳታውቅ አንድ ብር አታውጣ፤ እንድትሸጣትም አልመክርህም።

ምክንያቱን ለመረዳት አሠራሯን ማወቅ ያስፈልጋል። ከታች ጠፍጣፋ ወለል አለ። ወለሉን መሐል ለመሐል እንደ አከርካሪ የያዘው ጉብ ያለ ቱቦ ነው፤ የካምቢዮው ዘንግ፣ የፍሪሲዮኑና የቤንዚን መርገጫው ገመድ፣ የቤንዚኑ መስመርም በውስጡ ያልፋሉ። የአከርካሪው የፊት ጫፍ ሰፍቶ የፊት እግሮቹን ይሸከማል፤ ይህን የሻንሲው ራስ እንበለው። ቦዲው ከላይ የሚቀመጠው በዙሪያው በ13 ቁጥር፣ ከፊትና ከኋላ ደግሞ በጥቂት 17 ቁጥር ቡሎኖች ታስሮ ነው። ቡሎኖቹ ተፈትተው፣ መሪውና የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ከተላቀቁ ቦዲው ለብቻው ይነሳል። በሮቹ፣ ወንበሮቹና መስተዋቶቹ ከወጡለት አምስት ስድስት ጎልማሳ ይሸከመዋል።

ቦዲውን ከታች ቀጥ አድርገው የያዙት በሁለቱ በሮች ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱ ሁለት የላሜራ ሣጥኖች ናቸው። የሞተሩ ሙቀት ወደ ተሳፋሪው እግር የሚመጣው በእነዚህ ውስጥ ስለሆነ የሙቀት ቦይ እላቸዋለሁ። የወለሉ ቡሎኖች የሚነክሱት እነሱን ነው፤ የበሩ የፊትና የኋላ ምሰሶ የቆመውም በእነሱ ላይ ነው። ቦዩ ከውስጥ ሲበሰብስ ቦዲው መሐሉ ላይ ይሰምጥና ሁለቱ ምሰሶዎች ከላይ ይቀራረባሉ፤ በሩም አልዘጋ ይላል። በውጭ ግን የሚታይ ነገር ላይኖር ይችላል፤ ሬንጅ ተቀብቶ፣ ጥቁር ቀለም ተደርጎበት ደህና ይመስላል።

አራቱ ፓራፋንጎዎች፣ የፊቱ ኮፈን፣ የሞተሩ ክዳን፣ ሁለቱ የጎን መርገጫዎች፣ ፓራውልቶቹ (የፊትና የኋላ ግጭት መከላከያዎቹ) እና በሮቹ ሁሉም በቡሎን የተያዙ ናቸው። አንድ ፓራፋንጎ ዘጠኝ አሥር ቡሎን ነው፤ ቡሎኑ ዝጎ እምቢ ካለም ተቆርጦ በአዲስ ይተካል። ሞተሩ እንኳ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ነው። ስለዚህ ተፈትቶ የሚቀየረውን ትተህ ተቆርጦ የሚበየደውን መርምር።

ለምርመራው የሚያስፈልግህ የእጅ ባትሪ፣ ያረጀ ካቻቢቴ፣ ትንሽ መዶሻ፣ ሜትር፣ ጠመኔ፣ ቱንቢ፣ ክሪክ፣ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔትና ማግኔቱን የምትጠቀልልበት ስስ ጨርቅ ነው። ግማሽ ቀን ይበቃሃል። ማንሳት ሲያስፈልግ በክሪክ ብቻ አትተማመን፤ ወፍራም ግንድ ወይም ጠርብ በሻንሲው አከርካሪ ሥር ሳታደርግ አትግባ። የቮልስ የክሪክ ማስገቢያ ከወለሉ ጠርዝ ጋር የተበየደ ነው፤ ወለሉ ከበሰበሰ ክሪኩ ወለሉን ሰንጥቆ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ከሆነ ደግሞ አንዱን መልስ ያለ ምርመራ አገኘህ ማለት ነው።

በበሩ ጀምር፤ ያውም መኪናዋ ሳትነሳ፣ በአራቱም ጎማ እንደቆመች። በሩን ግማሽ ድረስ ክፈትና ጫፉን ይዘህ ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቀው። ማጠፊያው ላይ ከተንቀሳቀሰ ያረጀው የማጠፊያው ፒን ነው፤ ተስፋ አለህ፣ ሥራው ትንሽ ነው። ማጠፊያው ጠንካራ ሆኖ በሩ ግን ከቦታው ካልገጠመ፣ እስከሚሄድበት ድረስ ገፋ አድርገህ በበሩ የኋላ ጠርዝና በምሰሶው መካከል ያለውን ክፍተት ከላይም ከታችም ለካ። ከላይ ጠብቦ ከታች የሰፋ ከሆነ ቦዲው ሰምጧል፤ ቦዩ አልቋል ማለት ነው። የቀኙንም እንዲሁ ለካና አወዳድር። ቀጥሎ በሩን እንደከፈትክ ከበሩ መግቢያ የታችኛው የፊት ማዕዘን እስከ ላይኛው የኋላ ማዕዘን ሰያፍ ለካ፤ በሌላው በርም ድገመው። በግራና በቀኝ መካከል ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ አንዱ ወገን ወድቋል።

ከዚያ የኋላውን ወንበር አውጣ። ባትሪው የሚቀመጠው በቀኝ በኩል፣ ከወንበሩ ሥር ነው። አንተ ያየኸው ቀዳዳ በቀኝ ብቻ ከሆነ የባትሪ አሲድ የበላው ነው፤ ጉዳቱ እዚያው አካባቢ ይወሰናል። በግራም ካለ ግን ውሃ እየገባ ነበር፤ መነሻውም ብዙ ጊዜ የኋላው መስተዋት ዙሪያ ያለው ጎማ ነው። ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ውሃውም ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ወርዶ ወለሉ ላይ ይተኛል። የአሲዱን ቦታ ከመንካትህ በፊት በአንድ ሊትር ውሃ ሦስት አራት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠህ አፍስስበት፤ አረፋው እስኪያቆም ደጋግመህ እጠበው። በነገራችን ላይ ወደፊት አዲስ ባትሪ ስታስገባ የባትሪውን ክዳን ፈልገህ ክደነው። ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ይነካና የወንበሩ ጭድ ይቀጣጠላል፤ ብዙ ቮልስ በዚህ ተቃጥሏል።

ምንጣፉን ሁሉ ገልብጠህ ወለሉን በመዶሻው ጫፍ ቀስ እያልክ ምታ። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፤ የበሰበሰ እንደ እርጥብ ካርቶን ድፍን ይላል። ከዚያ ከሥር ገብተህ በካቻቢቴው የሙቀት ቦዩን በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ጫን ጫን አድርግ፦ ውጭውን፣ ታቹን፣ ከወለሉ ጋር የሚጋጠምበትን ጠርዝ። ሬንጅ ካለው ፍቀህ ካልሆነ በቀር አትመን። ካቻቢቴው ከገባ ቀዳዳውን በጠመኔ ክበብ። ባይገባም ቦዩን በመዶሻው መታ መታ አድርገህ በፊት እግር ማስቀመጫው በኩል ካለው የሙቀት መውጫ በኮምፕሬሰር ንፋስ ንፋ። የሚወጣው አቧራ ብቻ ከሆነ ደግ ነው፤ ቡናማ ቅርፊት እፍኝ እፍኝ ከወጣ ቦዩ ከውስጥ ወደ ውጭ እየተበላ ነው፤ ዛሬ ባይበሳ በሁለት ክረምት ይበሳል።

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደረስን፤ የሻንሲው ራስ። ከፊት በኩል ገብተህ የፊቱ አክስል በአራት ቡሎን የታሰረበትን ቦታ ፈልግ። ከሱ በስተኋላ ያለው ጠፍጣፋ የታች ላሜራ ጭቃ የሚያድርበት ስለሆነ ይበሰብሳል። እዚህ ጊዜ ወስደህ ፋቅ፣ ምታ፣ ጫን። ከዚያው ቀጥል፤ የአከርካሪውን የታች ክዳን እስከ ኋላ ድረስ ተከተለው። ወለል ቢበሰብስ ወለል ይቀየራል። የሻንሲው ራስ ሲበሰብስ ግን የፊት ጎማዎቹን አቅጣጫ የሚወስነው ነገር ነው የጠፋው፤ በዓይን ግምት ተበይዶ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ መኪናዋ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ትስባለች፣ ጎማም ትበላለች። ልኩን ጠብቆ የሚይዝ ማሰሪያ ብረት ሠርቶ የሚበይድ ባለሙያ ከሌለህ አታስነካው። የአንተ መኪና ዘመን ቮልስ የፊትና የኋላ ጎማዋ እምብርት ርቀት 2,400 ሚሊ ሜትር ነው። መሪውን ቀጥ አድርገህ በግራም በቀኝም ለካ፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ሻንሲው ተጣሟል ወይም አክስሉ ተመትቷል።

አንዳንዱ ሰው ስለ ፊት ሞርዛቶሪ (ንዝረት ማለዘቢያ) ማማ መበስበስ ይነግርህ ይሆናል። ያ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የወጡት 1302 እና 1303 የሚባሉት ሞዴሎች ሕመም ነው፤ በ1960 ዓ.ም. የተገዛች አይነካትም።

የቀረውን ቶሎ ማየት ይቻላል። የፊት ምሰሶዎቹ እግር (በሩ ከተንጠለጠለበት ሥር)፣ የትርፍ ጎማው ጉድጓድ፣ የኋላ ፓራውልት የሚታሰርበት፣ ከኋላ ፓራፋንጎ ውስጥ ቦዲው ከሞርዛቶሪው በላይ የሚያርፍበት፣ የበሮቹ የታች ከንፈር፣ የፓራብሬዙ የታች ማዕዘኖች። በሮቹ ከታች ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አላቸው፤ በባህር ዛፍ ቅጠልና በአፈር ተደፍነው ታገኛቸዋለህ። እዚያ ሥር የቆመች መኪና የምትዝገው በዝናቡ ብቻ አይደለም፤ ቅጠሉ በየስንጥቁ ገብቶ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይዞ ይቆያል፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምትም አይደርቅም። ማግኔቱን በጨርቅ ጠቅልለህ ከመስኮት በታች ባለው ቦዲ ላይ ሁሉ አንሸራትት። ድንገት የሚለቅበት ቦታ ሥር ወፍራም ስቱኮ አለ፤ ከስቱኮ ሥር ምን እንዳለ ደግሞ ሳይፋቅ አይታወቅም።

አሰብ መኖሯ ነገሩን ያከብደዋል። የባሕር ጨው በላሜራዎች መጋጠሚያ፣ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ በተበየደው መሐል ይገባል። ጨው እርጥበት ከአየር ይስባል፤ ስለዚህ ሌላው መኪና ደረቅ በሆነበት ቀን እንኳ ያ ስንጥቅ እርጥብ ነው። መኪናዋ በባቲ ሽቅብ ወጥታ ደሴ ብትገባም ጨዉ አብሯት ነው የመጣው፤ የጦሳ ተራራ ጉም ደግሞ ውሃውን አላጎደለበትም። ዝገት ከበላው ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ በመጋጠሚያው መሐል ሲያብጥ ሁለቱን ላሜራ ይፈለቅቃል። መጋጠሚያዎች አብጠው፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተገልጠው ካየህ ላዩን በመፋቅ አይድንም፤ ተከፍቶ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ታጥቦ፣ ደርቆ ነው የሚበየደው። እጥበቱን የሚዘል ባለሙያ ሥራው ሁለት ዓመት አይቆይም።

ዝገቱን ስትመዘግብ ሦስት ዓይነት አድርገህ ጻፍ። በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ለቆ ነጭ ብረት የሚወጣው ምንም አይደለም። ጉድጓድ ጉድጓድ የሠራ ነገር ግን ካቻቢቴ የማያስገባው፣ ቦዲ ላይ ከሆነ ይታከማል፣ የሙቀት ቦይና የሻንሲ ራስ ላይ ከሆነ እንደ ተበሳ ቁጠረው። የተበሳው ደግሞ ቀዳዳው ከሚታየው ስፋት በየአቅጣጫው ሦስት ሳንቲ ሜትር አስፍተህ አስበው፤ ብየዳ የሚይዘው ጤነኛ ላሜራ እዚያ ነው የሚጀምረው።

ይህን ከጨረስክ በገንዘብ ሳይሆን በቀን ቁጠር፤ የቀን ዋጋውን ባለሙያው ይነግርሃል። እጁ የተፈታ ባትላሜራ (የላሜራ ቀጥቃጭ) ከአንድ ረዳት ጋር የአንድ ፓራፋንጎን ቀዳዳ በአንድ ቀን ይጨርሳል። የአንድ በር ከንፈር ሁለት ቀን ነው። ሁለቱም የወለል ግማሾች ሰባት ቀን ያህል፣ ሁለቱ የሙቀት ቦዮች ከድጋፉ ጋር ከ10 እስከ 15 ቀን፣ አንድ የምሰሶ እግር ሁለት ቀን፣ ከኋላ ፓራፋንጎ ጀርባ ያለው ቦዲ በየጎኑ ሁለት ቀን ይፈጃሉ። የሻንሲው ራስ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ተፈትታ ሌላ 10 ቀን ይወስዳል። ድምሩን አግኝና ሲሦውን ጨምርበት፤ ስትቆርጥ የሚገኘው ሁልጊዜ ካየኸው ይበልጣል። ከ50 የሥራ ቀን በታች ከሆነ ይህች መኪና መጠገን ይገባታል፤ የአባትህ መሆኗን ሳልቆጥር ነው ይህን የምልህ። ከ75 በላይ ከሄደ ይህን ቦዲ መጠገን ተውና ሌላ ጤነኛ ቦዲ ፈልግ፤ የራስህን ሻንሲ፣ ሞተርና መለያ ይዘህ ቦዲውን ብቻ መቀየር ይቻላል። በመሐሉ ያለው የአንተ ፍላጎትና አቅም ነው።

አንተ በነገርከኝ ምልክት ግምቴ ይህ ነው፦ በሩ በማጠፊያ ፒን ካልሆነ የግራው የሙቀት ቦይ አልቋል፣ የቀኙም ተከትሏል፤ ወለሉ ከኋላ ተበስቷል። ይህ ሁሉ ቢሆንም የሻንሲው ራስና አከርካሪው ደህና ከሆኑ መኪናዋ የምትድን ናት። ለቁራሌው አትሰጥም። የሻንሲው ራስም ምሰሶዎቹም አብረው ከሄዱ ብቻ ነው ወደ ሌላ ቦዲ የምልክህ።

እንድትጠገን ከወሰንክ አንድ ስሕተት አለ፤ ቮልስን ለዘለዓለም የሚያበላሸው እሱ ነው። የበሰበሰውን ቦይ ከመቁረጥ በፊት ቦዲው ቀጥ ብሎ እንዲቆይ ከውስጥ መደገፍ አለበት። መጀመሪያ የሰመጠውን ከሥር ቀስ እያሉ በክሪክ አንስቶ የበሩን ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ማድረግ፤ ከዚያ በየበሩ መግቢያ በሰያፍና በአግድም፣ ከግራ ምሰሶ ወደ ቀኝ ምሰሶም ባለ 25 ሚሊ ሜትር አራት ማዕዘን ቱቦ ብረት በጊዜያዊነት መበየድ ነው። ቦዩም በአንዴ ሁለቱ አይቆረጡም፤ አንዱ ተቆርጦ፣ ገብቶ፣ ተበይዶ፣ በሩ ተሰቅሎ መዘጋቱ ከታየ በኋላ ነው ሌላው የሚነካው። ወለሉ ደግሞ በቡሎን ከቦዩ ጋር ታስሮ መሆን አለበት፤ ቦዲው አየር ላይ ተሰቅሎ የተበየደ ቦይ ሲወርድ ከወለሉ ቀዳዳዎች ጋር አይገጥምም። ባለሙያው ስለ ድጋፍ ሳትጠይቀው ካነሳልህ ትክክለኛውን ሰው አግኝተሃል።

ስለ ላሜራው። የቦዲው የፋብሪካ ላሜራ 0.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ለወለልና ለቦይ የ1 ሚሊ ሜትር ግዛ። አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ የ1 ሚሊ ሉህ 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሲሸጡልህ መዝነህ ውፍረቱን ማረጋገጥ ትችላለህ፣ 12 ወይም 13 ኪሎ ከሆነ የ0.8 ነው። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ቁራጭ ቅድ በካርቶን አውጥተህ ስፋቱን ደምር፣ ከዚያ ግዛ። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ኮምቦልቻም ደሴም በየሱቁ ስላለ ብዙዎች በሱ ይለጥፋሉ። አታድርገው። ስስ ነው፤ ጭነት አይሸከምም፤ ላዩ ላይ ያለው ዚንክ ሲበየድ ጢሱ ሰው ያሳምማል፣ ብየዳውንም ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርገዋል። የዘይት በርሜል ብረቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ነዳጅ ወይም ዘይት የነበረበትን በርሜል በሞላ (በኤሌክትሪክ መቁረጫ) ም ሆነ በእሳት መቁረጥ ሰው ገድሏል፤ ባዶ የሚመስለው በርሜል ተን ይዟል። ሉህ ግዛ።

ጠፍጣፋ ላሜራ እንዲሁ ወለል ላይ ከተበየደ ሲረገጥ እንደ ከበሮ ይጮኻል፣ ብየዳውንም ይሰነጥቃል። የፋብሪካው ወለል ቦይ ቦይ ያለው ለዚህ ነው። በመዶሻና በእንጨት ቅርጽ ሦስት አራት ቦይ ይውጣለት፤ ካልሆነም ከሥሩ አግድም ማጠናከሪያ ይበየድለት። ብየዳው በሚግ ማሽን፣ በ0.6 ወይም በ0.8 ሽቦ፣ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር እየዘለለ ቢሆን ይመረጣል። የኤሌክትሮድ ብየዳ 0.8 ላሜራን ይበሳል። የጋዝ ብየዳ በጥሩ እጅ ይሠራል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ሰፊ ስለሆነ ጠፍጣፋውን ቦዲ ያጣምማል። ቤንዚን ሰርባቶዮው (ታንከሩ) ከፊት ነው፤ ወጥቶ ከግቢው ይራቅ። በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈው የቤንዚን መስመርም ይጠረግ፣ ባትሪው ይፈታ። በነዳጅ ጠረን ውስጥ የሚበይድ ሰው ካየህ አስቁመው።

ስቱኮው ላይ ልመለስ፤ ሦስት ሳምንት ያለህ ጋራዥ ስለ ብየዳ አንድ ቃል ካልተናገረ የሸጠልህ ቀለም ነው። ስቱኮ ውሃ ይጠጣል። ከጀርባው ክፍት ቀዳዳ ካለ ውሃው ከኋላ ገብቶ ከሥሩ ያዝገዋል፤ በሁለተኛው ክረምት ቀለሙ ያብጥና ይሰነጠቃል። ስቱኮ የሚገባው ተበይዶ በተዘጋ፣ ተፍቆ ነጭ በሆነ፣ ኢፖክሲ ፕራይመር በተቀባ ላሜራ ላይ ነው፤ ውፍረቱም ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር አይለፍ። ቀዩ አንቲረስትም (የዝገት መከላከያ ቀለም) ብቻውን ዝናብ አይከለክልም፤ ላዩ ቀለም ካላገኘ እርጥበት ያሳልፋል። ብየዳው አልቆ ለቀለም ሳይደርስ ክረምት ከገባ መኪናዋን በአንቲረስት ብቻ ደጅ አታሳድር።

የወሎ ሰማይ ሁለት ዝናብ አለው፤ በልግም ክረምትም። ደረቁ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ፍተሻውን አሁን አድርግ፣ ላሜራውን በመስከረም መጨረሻ አስጀምር፣ ቀለሙ በኅዳርና በታኅሣሥ ይድረስ። ደሴ ላይ ከሆነ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊትና ከ9 ሰዓት በኋላ ቀለም አይረጭ፤ ጉሙና ጤዛው አዲሱን ቀለም ያነጣዋል፣ ብርሃኑን ይወስደዋል። ኮምቦልቻ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ስለሆነ ለቀለም ይሻላል። ግን መኪናዋን በገመድ ጎትተህ የሐረጎን ቁልቁለት አታውርዳት። 14 ዓመት የቆመ ፍሬን አይታመንም፣ የበሰበሰ የሻንሲ ራስም በጉተታ ሊገነጠል ይችላል። አይሱዙ ላይ አስጭናት።

ሲያልቅ የቦዮቹ ውስጥ መቀባት አለበት፤ እዚያ ብሩሽ አይገባም። ብዙ ሰው የተቃጠለ ዘይት ይረጫል፤ የተቃጠለ ዘይት ግን አሲድ አለው፣ ጎማም ይበላል። አንድ ኪሎ ንጹሕ የንብ ሰም በሦስት ሊትር አዲስ የሞተር ዘይት ውስጥ፣ ዕቃውን በፈላ ውሃ ላይ አስቀምጠህ እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ ሳትጥደው አቅልጥ። ለብ እንዳለ በኮምፕሬሰር በሙቀት መውጫውና በቀዳዳዎቹ ይረጭ። ውሃ ማፍሰሻዎቹን ከዚያ በኋላ በሽቦ ክፈታቸው።

ስለ ወረቀቱ አንድ ነገር። የሻንሲው ቁጥር አከርካሪው ላይ፣ ከኋላ ወንበሩ ሥር ተመትቷል። ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑን ዛሬ አረጋግጥ፤ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1969 በወጡት ሞዴሎች ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ያሳያል፣ የአንተ 7 ወይም 8 ሊሆን ይገባል። ቁጥሩ ያለበትን ብረት ማንም እንዲቆርጥ ወይም በሞላ እንዲነካ አትፍቀድ። ቦዲ ወይም ቀለም ለመቀየር ካሰብክ፣ ለ14 ዓመቱ ያልታደሰ ቦሎም ቢሆን፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። ፓራፋንጎ ስትገዛም የራስህን መብራት አይተህ ግዛ፤ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1967 ጀምሮ በ1300 እና በ1500 ሞዴሎች የፊት መብራቱ ከተጋደመው ወደ ቀጥ ያለው ተቀይሯል፣ አንዱ ለሌላው አይሆንም።

እስከዚያው ድረስ አብሽር፣ ዛሬ ማድረግ የምትችለው አለ። ከባህር ዛፉ ሥር አውጣት። ጎማዎቿ አፈር እንዳይነኩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቁማት፤ ከአፈር የሚወጣው እርጥበት ከዝናቡ እኩል ይበላታል። ቅጠሉን ከበሮቹ ከንፈር፣ ከፊት ኮፈኑ ጠርዝና ከፓራብሬዙ ሥር ጥረግ። ሸራ የምታለብሳት ከሆነ ከሥር አየር እንዲያልፍ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ አድርገህ እሰረው፤ ላስቲክ በቀጥታ ቦዲው ላይ አታልብስ፣ ከሥሩ ያልባታል። ከዚያ የበሩን ክፍተት ከላይና ከታች፣ የሁለቱን በሮች ሰያፍ፣ የሁለቱን ጎን የጎማ ርቀት በሚሊ ሜትር ጽፈህ፣ የሻንሲውን ራስ ከሥር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።